ማዞር ያለበትን ታካሚ በመስማት ምርመራ መመርመር፦ ከዝግጅት እስከ ውጤት ንባብ

በማዞር የሚሠቃይ ታካሚ ወደ መስማት ምርመራ ክፍል ተልኮ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ኦዲዮግራም (የመስማት ልኬቱ የሰፈረበት ወረቀት) ብዙ ጊዜ ለላከው ሐኪም ምንም ሳይፈይድ ይቀራል። ምክንያቶቹ ጥቂት ናቸው፤ ደግመው ደጋግመውም ይታያሉ። ምርመራው በአየር ብቻ ተሠርቶ በአጥንት የሚተላለፈው ድምፅ ሳይለካ ይቀራል፤ ደካማው ጆሮ ሲፈተን ጤነኛው በማስኪንግ ድምፅ (እንዳይሰማ በሚሸፍነው ሹክሹክታ) አይያዝም፤ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ይተዋል፤ ወይም ወረቀቱ ከማዞሩ ታሪክ ተነጥሎ ለብቻው ይነበባል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ታካሚውን ለሚልኩ ሐኪሞችና የጤና መኮንኖች፣ እንዲሁም ምርመራውን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ከምርመራው ምን እንደሚጠብቁ ይወስኑ። የመስማትና የሚዛን አካላት በውስጥ ጆሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ፈሳሽና አንድ የደም ቅዳ ይጋራሉ፤ መልእክታቸውንም የሚልኩት በ8ኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ስለዚህ አንዱን የነካ ጉዳት ብዙ ጊዜ በሌላው ላይ ምልክት ይተዋል። የመስማት ምርመራ ጆሮ በነገሩ ውስጥ እንዳለበት፣ የትኛው ወገን እንደሆነ፣ ጉዳቱም በመሃል ጆሮ፣ በኮክሊያ (በውስጥ ጆሮ ባለው የመስማት አካል) ወይም በነርቩ ላይ መሆኑን ለመለየት ይረዳል። የሚዛን አካሉ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን አይለካም፤ ትክክለኛ፣ ማለትም የመስማት መቀነስ የማያሳይ ኦዲዮግራም የሚዛን አካሉ ጤነኛ ነው የሚል ማረጋገጫ አይደለም።

ደረጃ 1፦ መጠበቅ የማይችለውን ታካሚ ይለዩ

ማዞሩ አዲስ፣ ከባድና የማያቋርጥ ከሆነ፣ ከዚሁ ጋርም ነገሮችን ሁለት አድርጎ ማየት፣ የንግግር መተሳሰር፣ የፊት መጣመም ወይም መደንዘዝ፣ የመዋጥ ችግር፣ የእጅና የእግር ቅንጅት መታወክ፣ ያለ ድጋፍ ቆሞ መራመድ አለመቻል፣ ወይም አዲስና ኃይለኛ የራስ ወይም የአንገት ሕመም ካለ፣ ታካሚውን ወደ መስማት ምርመራ አይላኩት። ይህ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በዚያው መንገድ ይታከም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። የማያቋርጥ ማዞር ይዞት በአንድ ጆሮው መስማት ያቆመን ሰው «ጆሮው ስለተነካ ችግሩ የጆሮ እንጂ የአንጎል አይደለም» ብሎ ማሰናበት አደገኛ ነው። የውስጥ ጆሮን የሚመግበው የደም ቅዳ በአብዛኛው የሚነሳው የታችኛውን የአንጎል ክፍል ከሚመግበው ከፊተኛው የታችኛው ሴሬቤላር ደም ቅዳ ስለሆነ፣ የዚያ ቅርንጫፍ መዘጋት መስማትንና ሚዛንን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ ይችላል። በተለይ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ባለበት ሰው አዲስ የመስማት መቀነስ ከማዞር ጋር ሲመጣ ጥርጣሬዎን ይጨምሩ እንጂ አይቀንሱ።

ሁለተኛው አስቸኳይ ሁኔታ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ነው። መለኪያው በ72 ሰዓት ውስጥ የመጣና ቢያንስ በሦስት ተከታታይ ፍሪኩዌንሲዎች (በኸርዝ የሚለኩ የድምፅ ቅጥነት ደረጃዎች) ላይ 30 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ጉዳት ነው። ኦዲዮግራሙ በዚያው ቀን ወይም በተቻለ ፍጥነት መሠራት አለበት፤ የስቴሮይድ ሕክምና የሚታሰብ ከሆነ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነውና። ኦዲዮሜትር (የመስማት መለኪያ መሣሪያ) በአቅራቢያ ከሌለ በደረጃ 4 ላይ የተገለጸውን የቱኒንግ ፎርክ (ሲመታ የሚጮኽ ሹካ መሰል ብረት) ምርመራ ሠርተው ታካሚውን ዛሬውኑ ይላኩት፤ ቀጠሮ አይጠብቁ። ጆሮው መግል እያፈሰሰ ማዞር የጀመረው ሰውም እንዲሁ በአስቸኳይ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይታይ።

ደረጃ 2፦ የማዞሩን ታሪክ በጽሑፍ ይያዙ

ታሪኩ ሳይጻፍ የተሠራ ኦዲዮግራም ግማሽ ምርመራ ነው። ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ይያዙ፤ መልሱንም ከኦዲዮግራሙ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

1. አንዱ የማዞር ጊዜ ምን ያህል ይቆያል? ሰከንዶች፣ ደቂቃዎች፣ ሰዓታት ወይስ ቀናት? ከማዞሩ በኋላ የሚቀረውን ድካምና መንገዳገድ አይጨምሩ፤ ብዙ ታካሚዎች ሁለቱን ደባልቀው «ሦስት ቀን አዞረኝ» ይላሉ፣ ሲጠየቁ ግን ዙሪያው የተሽከረከረው ለአንድ ሰዓት ብቻ ሆኖ ይገኛል።
2. ምን ያስነሳዋል? አልጋ ላይ መገላበጥ፣ ቀና ማለት፣ ከፍተኛ ድምፅ፣ ማስነጠስና ማማጥ ወይስ ምንም?
3. በማዞሩ ጊዜ መስማት ይቀንሳል? ጆሮ ይጮኻል? የመደፈን ስሜት አለ? በየትኛው ወገን? ማዞሩ ሲያልፍ ይመለሳል?
4. ታካሚው ምን ዓይነት መድኃኒት ወስዷል? ጀንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲን፣ ሲስፕላቲን በስማቸው ይጠይቁ።
5. የራስ ቅል አደጋ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የጆሮ መግል፣ ማይግሬን፣ በቤተሰብ የመስማት ችግር ነበር?

ደረጃ 3፦ ክፍሉን፣ መሣሪያውንና ታካሚውን ያዘጋጁ

ክፍሉ ጸጥ ያለ መሆን አለበት። ይህ የሚታወቅ ቢመስልም ለማዞር ታካሚ ልዩ ክብደት አለው፤ የመንገድ፣ የአየር ማራገቢያና የሰው ንግግር ድምፅ ከሁሉ በላይ የሚያዛባው 250 እና 500 ኸርዝን ሲሆን፣ ከማዞር ጋር የሚያያዙ ዋና ዋና ምልክቶች የሚገኙትም እዚያው ነው። በየዕለቱ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ማዳመጫዎቹን በራስዎ ጆሮ ይፈትኑ፤ ገመዱ ሲነቃነቅ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ አይጠቀሙበት። የመሣሪያው ልኬት በየዓመቱ መረጋገጡንም ይመልከቱ።

ታካሚው ባለፉት 24 ሰዓታት ከፍተኛ ድምፅ ባለበት ቦታ ከነበረ ይመዝግቡ፤ የሚቻል ከሆነም ምርመራውን ለሌላ ቀን ያዛውሩ፤ ምክንያቱም ጊዜያዊ የመስማት መቀነስ እንደ በሽታ ሊነበብ ይችላል። አስቸኳይ ለሆነ ታካሚ ግን ይህን ብለው አያዘግዩ።

ወንበሩ ተሽከርካሪ ያልሆነ፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ይሁን። የማስታወኪያ ዕቃ አጠገቡ ያስቀምጡ። የመስማት ምርመራውን ሁልጊዜ የማዞር ስሜት ከሚቀሰቅሱ ምርመራዎች በፊት ይሥሩ፤ የቦታ ለውጥ ምርመራና በጆሮ ውስጥ ውኃ ወይም አየር የሚደረግበት ምርመራ ከቀደሙ፣ ታካሚው እያቅለሸለሸው ለድምፅ የሚሰጠው መልስ የሚታመን አይሆንም። በምርመራው መሃል ማዞር ከጀመረው ቆም ያድርጉ፤ ዓይኑን በአንድ ቦታ ላይ እንዲያሳርፍ ይንገሩት፤ ኒስታግመስ (የዓይን መንቀጥቀጥ) ካዩ አቅጣጫውን ይጻፉ፤ ሲረጋጋም በ1000 ኸርዝ ድጋሚ ጀምረው ውጤቱ ከቀድሞው ጋር መስማማቱን ካረጋገጡ በኋላ ይቀጥሉ።

ደረጃ 4፦ ጆሮውን ይመልከቱ፤ ቱኒንግ ፎርክ ይጠቀሙ

በኦቶስኮፕ የጆሮውን ቦይና ታምቡር ይመልከቱ። ቦዩን የዘጋ ኩክ ካለ አስቀድሞ ይውጣ፤ ታምቡሩ የተቀደደ ሊሆን በሚችልበት ጆሮ ግን በውኃ አያጥቡ። በታምቡሩ ላይኛ ክፍል ላይ ቅርፊት፣ ጉድጓድ ወይም ነጭ ክምችት ካዩ ኮሌስቲያቶማ (በመሃል ጆሮ የሚያድግ የቆዳ ክምችት) ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ የ512 ኸርዝ ቱኒንግ ፎርክ ይጠቀሙ። ለዌበር ምርመራ ግንባር መሃል ላይ አድርገው ድምፁ ወዴት እንደሚሰማ ይጠይቁ። የመሃል ጆሮ ችግር ካለ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ፣ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ችግር ከሆነ ወደ ደህናው ጆሮ ያደላል። ለሪኔ ምርመራ ከጆሮ ፊት ለፊት የሚሰማውን ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ ከሚሰማው ጋር ያነጻጽሩ። ውጤቱን መጻፍዎን አይርሱ፤ በደረጃ 6 ላይ ኦዲዮግራሙ ሲሳሳት የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

ደረጃ 5፦ በአየር የሚተላለፈውን ድምፅ ይለኩ

1. መነጽር፣ ጉትቻና የመስሚያ መሣሪያ ያስወልቁ። ቀዩን ማዳመጫ በቀኝ፣ ሰማያዊውን በግራ ጆሮ ላይ እርስዎ ራስዎ ያድርጉለት።
2. «ድምፁ ምንም ያህል ደካማ ቢሆን እንደሰሙ ቁልፉን ይጫኑ፤ ሲያቆም ይልቀቁ» ብለው በሚገባው ቋንቋ ያስረዱ።
3. የተሻለ በሚሰማው ጆሮ፣ በ1000 ኸርዝና በ40 ዴሲቤል ይጀምሩ። መስማቱ የቀነሰ መሆኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ በግምት ከሚሰማበት 30 ዴሲቤል ከፍ አድርገው ይጀምሩ።
4. እያንዳንዱን ድምፅ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ያሰሙ። በድምፆቹ መካከል ያለውን ጊዜ ያለያዩ፤ እኩል ከሆነ ታካሚው ሳይሰማ በግምት ይጫናል።
5. ሲሰማ በ10 ዴሲቤል ዝቅ፣ ሳይሰማ ሲቀር በ5 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። ድምፁ ከፍ እየተደረገ በመጣባቸው ጊዜያት ቢያንስ ሁለት ጊዜና ቢያንስ በግማሹ የተሰማበት ዝቅተኛ መጠን የዚያ ፍሪኩዌንሲ ትሬሾልድ ነው።
6. በ2000፣ በ4000 እና በ8000 ኸርዝ ይቀጥሉ፤ 1000ን ይድገሙ፤ ከዚያ 500 እና 250ን ይለኩ። በ1000 ኸርዝ የተገኙት ሁለት ውጤቶች ከ5 ዴሲቤል በላይ ከተራራቁ ታካሚውን ድጋሚ አስረድተው እንደገና ይጀምሩ።
7. በሁለት ጎረቤት ፍሪኩዌንሲዎች መካከል 20 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ በመካከል ያለውንም፣ ማለትም 750፣ 1500፣ 3000 ወይም 6000 ኸርዝን ይለኩ።

ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ 250 እና 500 ኸርዝ የሚዘለሉበት ፈጣን ምርመራ ለሌላ ዓላማ ይጠቅም ይሆናል፤ ለማዞር ታካሚ ግን አይሆንም። ጆሮው የሚጮኽበት ታካሚ የመሣሪያውን ድምፅ ከራሱ ጩኸት መለየት ካቃተው የሚቆራረጥ ድምፅ ይጠቀሙ። በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ማዳመጫው የጆሮውን ቦይ ተጭኖ ሊዘጋው ስለሚችል፣ ያልተጠበቀ የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ መቀነስ ሲያዩ ወደ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ማዳመጫ ተጠቅመው ይድገሙ።

ደረጃ 6፦ በአጥንት የሚተላለፈውን ድምፅ ይለኩ፤ ማስኪንግ ያድርጉ

በእኔ ግምት ከሁሉ የበዛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ።

የአጥንት ማንቀሳቀሻውን ጆሮውን ሳይነካ ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ያሳርፉ፤ በሥሩ ጠጉር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። የሚፈተነው ጆሮ ላይ ማዳመጫ አይኑር። ከ500 እስከ 4000 ኸርዝ ይለኩ። መስማቱ ጥሩ የሆነ ታካሚ ሲያጋጥምዎ በዜሮ ዴሲቤል ላይ አይቁሙ፤ መሣሪያው እስከፈቀደ፣ በአብዛኛው ከዜሮ በታች እስከ 10 ዴሲቤል ድረስ ዝቅ ያድርጉ። ይህች ትንሽ ጥንቃቄ በደረጃ 9 የሚገለጸውን የውስጥ ጆሮ አጥንት ቀዳዳ ለመያዝ ወሳኝ ናት። በሌላ በኩል ታካሚው በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰጠው የሚመልሰው ሰምቶ ሳይሆን ንዝረቱ በቆዳው ተሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ በ250 ኸርዝ ከ25 ዴሲቤል፣ በ500 ኸርዝ ከ55 ዴሲቤል ገደማ ጀምሮ ስለሚያጋጥም፣ እንዲህ ባለ ደረጃ ላይ በአየርና በአጥንት ልኬት መካከል የተገኘን ክፍተት እንደ እውነተኛ አይውሰዱት።

ማስኪንግ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በአጥንት ላይ የተደረገ ድምፅ ያለ ምንም ቅናሽ ወደ ሁለቱም የውስጥ ጆሮዎች ይደርሳል። በአየር የተሰጠም ከፍ ሲል የራስ ቅሉን አቋርጦ በሌላኛው ጆሮ ይሰማል። ስለዚህ በሁለቱ ጆሮዎች የአየር ልኬት መካከል በአንድ ፍሪኩዌንሲ 40 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ፣ ወደ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ ከሆነ ደግሞ 55 ዴሲቤል፣ ደካማውን ጆሮ በማስኪንግ ይድገሙ። የአጥንት ልኬቱ ከየትኛውም ጆሮ የአየር ልኬት በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከተሻለም እንዲሁ። የአየር ልኬቶቹ ቢቀራረቡ እንኳ የአንዱ ጆሮ የአየር ልኬት ከሌላው የአጥንት ልኬት በ40 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከባሰ ማስኪንግ ያስፈልጋል።

ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚሆነውን ይመልከቱ። የአንድ ታካሚ ግራ ጆሮ በላቢሪንታይተስ (የውስጥ ጆሮ ብግነት) ምክንያት ፈጽሞ መስማት አቁሟል እንበል። ያለ ማስኪንግ ሲለካ ቀኝ ጆሮው ስለሚሰማለት ግራው በአየር 60 ዴሲቤል አካባቢ፣ በአጥንት ደግሞ ደህና ሆኖ ይታያል። ወረቀቱን ያየ ሁሉ «የመሃል ጆሮ ችግር ነው» ይላል፤ ታካሚውም ላልታመመው የመሃል ጆሮ ሲታከም ይከርማል። የዌበር ምርመራ ግን ድምፁን ወደ ቀኝ ወስዶት ነበር። ዌበርና ኦዲዮግራም ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማስኪንግ ጉድለት ነው።

አሠራሩ

1. «በአንዱ ጆሮዎ እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ ይሰማሉ፤ እሱን ይተዉት፤ ቁልፉን የሚጫኑት ለቀጭኑ ድምፅ ብቻ ነው» ብለው ያስረዱ።
2. ማስኪንጉን በማይፈተነው ጆሮ፣ ከዚያ ጆሮ የአየር ትሬሾልድ በ10 ዴሲቤል ከፍ አድርገው ይጀምሩ።
3. የሚፈተነውን ጆሮ ድምፅ ከሰማ ማስኪንጉን በ10 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ ካልሰማ ድምፁን በ5 ዴሲቤል እየጨመሩ እስኪሰማ ይሂዱ።
4. ማስኪንጉ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲጨምር ትሬሾልዱ ካልተነቃነቀ ወይም በ5 ዴሲቤል ውስጥ ከቆየ እውነተኛው ልኬት ያ ነው።

ማስኪንጉ በጨመረ ቁጥር ትሬሾልዱም እየጨመረ የማያቆም ከሆነ፣ ወይ ጆሮው በእርግጥ አይሰማም፣ ወይ ማስኪንጉ ራሱ ተሻግሮ የሚፈተነውን ጆሮ እያደነቆረ ነው። ሁለተኛው በተለይ በሁለቱም ጆሮዎች ትልቅ የመሃል ጆሮ ችግር ሲኖር ያጋጥማል። ወደ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ይሞክሩ፤ ካልሆነ «በማስኪንግ ሊረጋገጥ አልቻለም» ብለው ይጻፉ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከተሳሳተ መስመር ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ቲምፓኖሜትሪና አኩስቲክ ሪፍሌክስ

በቅርቡ የጆሮ ቀዶ ሕክምና በተደረገለት ወይም የራስ ቅል ስብራት በሚጠረጠርበት ሰው ላይ ቲምፓኖሜትሪ (በጆሮ ቦይ ውስጥ የአየር ግፊት እየለዋወጡ የታምቡርን እንቅስቃሴ መለካት) አይሥሩ። በሌሎች ላይ ግፊቱ ሲለዋወጥ ዓይናቸውን ይመልከቱ። ግፊቱ ማዞርና የዓይን መንቀጥቀጥ ካስነሳ ወዲያውኑ ያቁሙ፤ የትኛው ጆሮና ወደየት አቅጣጫ እንደነበረ ይጻፉ። ይህ በውስጥ ጆሮ አጥንት ላይ ቀዳዳ መኖሩን ሊያመለክት ይችላል። ጠፍጣፋ መስመር ከወጣ የጆሮውን ቦይ መጠን ያንብቡ፦ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ የተቀደደ ታምቡር፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ኩክ ወይም ግድግዳ የነካ መሣሪያ፣ ልከኛ ከሆነ ከታምቡሩ ጀርባ ያለ ፈሳሽ ያስቡ።

አኩስቲክ ሪፍሌክስን፣ ማለትም የመሃል ጆሮ ጡንቻ ለከፍተኛ ድምፅ የሚሰጠውን መኮማተር፣ በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ ይለኩ፤ በጤነኛ ጆሮ በአብዛኛው ከ70 እስከ 100 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ይገኛል። ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ያጋጠመውን ወይም ድምፅ አብዝቶ የሚያውከውን ታካሚ በዚህ ምርመራ አያስጨንቁት፤ በማንም ላይ ቢሆን ከ105 ዴሲቤል አይለፉ። የመስማት መቀነሱ መጠነኛ ሆኖ ሳለ ሪፍሌክሱ ከጠፋ፣ ወይም ከሪፍሌክሱ ትሬሾልድ 10 ዴሲቤል ከፍ ብሎ ለ10 ሰከንድ የተሰጠ ድምፅ ሲቀጥል ሪፍሌክሱ ከግማሽ በታች ከወረደ፣ ጥርጣሬው ወደ ነርቩ ይዞራል። በተቃራኒው ጆሮው 50 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ሳለ ሪፍሌክሱ እንደ ጤነኛ ጆሮ ከተገኘ ጉዳቱ በኮክሊያ ነው ለማለት ይቀርባል።

ደረጃ 8፦ የንግግር ምርመራ

ታካሚው ቃላትን የሚሰማበት ዝቅተኛ መጠን በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ ከተገኘው አማካይ ጋር በ10 ዴሲቤል ውስጥ መገናኘት አለበት። ቃላትን ከዚያ በጣም በተሻለ ሁኔታ የሚሰማ ከሆነ የቀደመው ልኬት አይታመንም፤ መመሪያውን ደግመው ያስረዱ፤ ታካሚውን ሳይወቅሱ እንደገና ይለኩ።

ቀጥሎ ቃላቱን ከፍ ባለ፣ ምቹ በሆነ መጠን አሰምተው ስንቱን በትክክል እንደሚደግም ይቁጠሩ። የመስማት መቀነሱ ከሚያስጠብቀው በላይ የቃላት መለየት ከተበላሸ፣ ይልቁንም ድምፁ ከፍ ሲል ውጤቱ ከተሻለ በኋላ መልሶ ከወረደ፣ የነርቭ ጉዳት ይጠርጥሩ። የቃላቱ ዝርዝር በታካሚው ቋንቋ የተዘጋጀና የተፈተነ ይሁን። በዚያ ቋንቋ የተፈተነ ዝርዝር ከሌለ የሌላ ቋንቋ ዝርዝር ተርጉመው መቶኛ አያውጡ፤ የአንዱን ሰው ሁለት ጆሮዎች በተመሳሳይ ቃላት አነጻጽረው እንደ ምልከታ ብቻ ይመዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ከማዞሩ ታሪክ ጋር ያንብቡ

አሁን በደረጃ 2 የያዙትን ጽሑፍ ከኦዲዮግራሙ ጎን ያስቀምጡ።

ትክክለኛ ኦዲዮግራም

ማዞሩ ከአንድ ደቂቃ በታች ከሆነና አልጋ ላይ ሲገላበጡ የሚነሳ ከሆነ የውስጥ ጆሮ ክሪስታል መንሸራተት፣ ማለትም ቢፒፒቪ፣ ቀዳሚው ግምት ነው። ይህን የሚያረጋግጠው የዲክስ ሆልፓይክ የቦታ ለውጥ ምርመራ ስለሆነ ኦዲዮግራም እስኪሠራ ብለው ሕክምናውን አያዘግዩ። ለቀናት የዘለቀ ከባድ ማዞር ሆኖ መስማት ካልተነካ ቬስቲቡላር ኒውራይተስ (የሚዛን ነርቭ ብግነት) ሊሆን ይችላል፤ ግን ስትሮክም መስማትን ሳይነካ ሊመጣ ስለሚችል የዓይንና የነርቭ ምርመራው በኦዲዮግራም አይተካም። ከ5 ደቂቃ እስከ 72 ሰዓት የሚቆይና ከማይግሬን ምልክቶች ጋር የሚመጣ ማዞር ከሆነ ቬስቲቡላር ማይግሬንን ያስቡ፤ በዚህ ሕመም መስማት በአብዛኛው ደህና ነው።

ጀንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን የወሰደ ሰው ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እነዚህ መድኃኒቶች ከመስማት ይልቅ የሚዛን አካሉን አብዝተው ስለሚጎዱ፣ ታካሚው በጨለማ እየተንገዳገደ፣ ሲራመድም ዓለም በዓይኑ ፊት እየዘለለበት ኦዲዮግራሙ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። «መስማቱ ደህና ስለሆነ መድኃኒቱ አልጎዳውም» ብለው መድኃኒቱን አያስቀጥሉ።

በአንድ ወገን፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የቀነሰ መስማት

ይህ የሜኒየር በሽታ ዋና መልክ ነው። በ2015 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት የተረጋገጠ ሜኒየር የሚለው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ድንገተኛ፣ እያንዳንዳቸው ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት የሚቆዩ የማዞር ጊዜያት ሲኖሩ፣ በዚያው ጆሮ የሚለዋወጥ የመስማት መቀነስ፣ ጩኸት ወይም የመደፈን ስሜት ሲኖር፣ ቢያንስ አንድ ጊዜም በኦዲዮግራም የተመዘገበ የዝቅተኛ ወይም የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ጉዳት ሲገኝና ሌላ የተሻለ ምክንያት ሲታጣ ነው። ዝቅተኛ የሚባለው ከ2000 ኸርዝ በታች ባሉ ሁለት ተከታታይ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ የታመመው ጆሮ ከሌላው በ30 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ሲብስ ነው።

ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስማቱ ከማዞሩ በኋላ ተመልሶ የሚስተካከል መሆኑ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በተያዘ ቀጠሮ የሚሠራ ኦዲዮግራም ደህና ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያ ብቻ ሜኒየርን አይሰርዙ። ለታካሚው «ሲያዞርዎት፣ መቀመጥ እንደቻሉ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይምጡ» የሚል ክፍት ቀጠሮ ይስጡት፤ የምርመራ ክፍሉም ያለ ሰልፍ እንዲቀበለው ያስማሙ። ሕመሙ ሲቆይ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቀር የቆየ ታካሚ ላይ የዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ መልክ ብቻ አይፈልጉ።

በሁለት ጆሮዎች መካከል ያለ ልዩነት

የነርቭ ጉዳት ዓይነት የመስማት መቀነስ ሆኖ በሁለት ጎረቤት ፍሪኩዌንሲዎች በጆሮዎቹ መካከል 15 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለና በሌላ ምክንያት ካልተብራራ፣ በ8ኛው ነርቭ ላይ የሚያድገውን ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ለማግለል በጋዶሊኒየም (ምስሉን በሚያጎላ መርፌ) የታገዘ ኤምአርአይ ያዝዙ። የዚህ ዕጢ ታካሚዎች ብዙዎቹ ዙሪያው ይሽከረከራል አይሉም፤ የሚሉት «አረማመዴ አልጸና አለኝ» ነው። ማዞሩ ቀላል መሆኑ አያዘናጋዎት።

በአየርና በአጥንት መካከል ያለ ክፍተት

ቲምፓኖሜትሪው የመሃል ጆሮ ፈሳሽ ወይም የተቀደደ ታምቡር ካሳየ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታምቡሩ ደህና፣ ቲምፓኖሜትሪው ትክክለኛ ሆኖ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ክፍተት ሲገኝ ግን ሪፍሌክሱን ይመልከቱ። በኦቶስክሌሮሲስ (የመሃል ጆሮ አጥንት ተጣብቆ መቅረት) ሪፍሌክሱ ይጠፋል። ሪፍሌክሱ ካለ፣ የአጥንት ልኬቱም ከዜሮ በታች ከሆነ፣ በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸውን የላይኛው ግማሽ ክብ ቦይ (አንዱ የውስጥ ጆሮ የሚዛን ቦይ) የአጥንት ቀዳዳ ያስቡ። ታካሚው ከፍተኛ ድምፅ ወይም ማማጥ እንደሚያዞረው፣ የራሱ ድምፅ፣ አልፎም የዓይኑ እንቅስቃሴ በጆሮው ውስጥ እንደሚያስተጋባ ይነግርዎታል። ማረጋገጫው ቀጭን ቁርጥ ያለው የጆሮ አጥንት ሲቲ ስካንና ቬምፕ (የሚዛን አካሉ ለድምፅ የሚሰጠውን የጡንቻ ምላሽ የሚለካ) ምርመራ ነው። ሪፍሌክስ ሳይለካ ኦቶስክሌሮሲስ ነው ተብሎ ለማያስፈልግ የጆሮ ቀዶ ሕክምና የሚዳረግ ታካሚ አለ፤ የሁለት ደቂቃ ምርመራ ያንን ያስቀር ነበር።

ሌሎች መልኮች

በሁለቱም ጆሮዎች እኩል፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የቀነሰ መስማት በአረጋዊ ላይ የዕድሜ ውጤት ሊሆን ስለሚችል ለማዞሩ ምክንያት አድርገው አይውሰዱት። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በሁለቱም ጆሮዎች እየተለዋወጠ የሚወርድ መስማት የራስ ተከላካይ በሽታን (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበትን) እና ቂጥኝን የሚመለከት የደም ምርመራ ይጠይቃል። ሕፃን ልጅ ራሱን ቀለል ባለ ሁኔታ ከተመታ በኋላ መስማቱ ከወረደና ካዞረው የውስጥ ጆሮ አፈጣጠር በምስል ይታይ።

ደረጃ 10፦ ይድገሙ፤ ያወዳድሩ፤ ይላኩ

በሁለት ምርመራዎች መካከል የ5 ዴሲቤል ልዩነት የመለኪያው የተለመደ መዋዠቅ ነው፤ በሽታው ተሻለ ወይም ባሰ አያስብልም። ጆሮን የሚጎዳ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ከመነሻው ኦዲዮግራም ጋር ሲነጻጸር በአንድ ፍሪኩዌንሲ 20 ዴሲቤል፣ ወይም በሁለት ጎረቤት ፍሪኩዌንሲዎች 10 ዴሲቤል መቀነስ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው፤ መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪም በዚያው ቀን ያሳውቁ። መነሻ ለማግኘት የመጀመሪያው ኦዲዮግራም ከመድኃኒቱ በፊት ወይም ወዲያው እንደተጀመረ ይሠራ።

ታካሚውን ወደ ሌላ ተቋም ሲልኩ ኦዲዮግራሙን ራሱን ያያይዙ፤ «መስማቱ ቀንሷል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ምርመራው በማዞሩ ጊዜ ወይም በደህናው ጊዜ መሠራቱን፣ የትኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች በማስኪንግ እንደተረጋገጡ፣ የዌበርን ውጤትና የታካሚውን የመድኃኒት ታሪክ ይጻፉ።

ቬስቲቡላር ሽዋኖማ ተጠርጥሮ ኤምአርአይ በማይገኝበት ቦታ የአንጎል ግንድ የመስማት ምላሽ ምርመራ ሊረዳ ይችላል፤ ነገር ግን ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚያንስን ዕጢ ሊስት ስለሚችል ደህና ሆኖ ቢወጣም ጉዳዩን አይዝጉ። ኦዲዮግራሙን ከስድስት ወር በኋላ በዚያው መሣሪያና በዚያው ማዳመጫ ይድገሙ፤ በጆሮዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከሰፋ ወይም የቃላት መለየቱ ከወረደ፣ ርቀቱ ምንም ቢሆን ታካሚውን ኤምአርአይ ወዳለበት ይላኩት።